ወለተሰንበት፣ የተከበሩት እና የስንቁ መስኮት

ልደታ ፍርድ ቤት ችሎት የገባ ሰው ሁሉ የወለተሰንበትን እጅ አይቷል። ዳኞቹ ለብሰውት የሚቀመጡት ጥቁር ካባ፣ ጠበቆቹ በኮሪደሩ እያውለበለቡ የሚሮጡበት ካባ፣ ብዙው የተሰፋው ጌጃ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ መስኮት ባላት ክፍል፣ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና ነው። ሟቹ ባሏ ኃይለሚካኤል የፍርድ ቤት ተላላኪ ነበርና ሥራውን ያመጣላት እሱ ነው። እሱ ካረፈ በኋላም ሥራው አልተቋረጠም። ዳኛ ይሾማል፣ ዳኛ ይዛወራል፣ ካባ ያረጃል። ለአዲስ ዳኛ ልክ ስትወስድ ሁልጊዜ ትከሻው ላይ ትንሽ ታሰፋለች። «ከባድ ቃል የሚናገር ሰው ትከሻ ያስፈልገዋል» ትላለች። የዋህ ሴት ናት፤ ከዚያ ካባ ውስጥ የሚወጣ ቃል በር የሚከፍት ይመስላት ነበር።

ይመስላት ነበር!

አንድ ልጅ አላት፤ ኤፍሬም። ሰፈሩ ኤፊ ይለዋል። ከተክለ ሃይማኖት ሜክሲኮ ሚኒባስ ይነዳል። ባለፈው ኅዳር ተክለ ሃይማኖት ታክሲ ተራ ላይ በወረፋ የተነሳ ጠብ ተፈጠረ። ፖሊስ መጣ፤ የተደባደበው ሮጠ፣ ያልሮጠው ተያዘ። ኤፊ «ምን አድርጌ ነው የምሮጠው?» ብሎ ወንበሩ ላይ ቀረ። ክሱ «ሁከት ማነሳሳት» ተባለ። መሪ ጨብጦ፣ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ተሳፋሪ እየጠበቀ ያነሳሳው ሁከት ምን ዓይነት እንደሆነ እስከ ዛሬ ያስረዳ ሰው የለም።

ዳኛዋ ግን ሰማች። ወለተሰንበት የሰፋችላትን ካባ ለብሳ፣ ፋይሉን አገላብጣ፣ «በሰው ዋስ ይለቀቅ» አለች። ዋስ የሆነው የግድግዳ ጎረቤታቸው ጋሽ ገብረየሱስ ነው፤ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ሬዲዮ ሳይከፍት ቁርስ የማይወርድለት ሽማግሌ። እሱ ፈረመ፤ ወለተሰንበት ቤቷ ሮጣ ለልጇ የገላ ውሃ ጣደች።

ውሃው ፈላ፣ በረደ፣ ተደፋ። ኤፊ አልመጣም።

«የመፍቻ ትዕዛዙ አልደረሰንም» አለ ማረፊያ ቤቱ። በማግስቱ «እየተጣራ ነው» አለ። በሳምንቱም፣ ገና አልፎም፣ ጥምቀት አልፎም እየተጣራ ነበር። ከፍርድ ቤቱ እስከ ማረፊያ ቤቱ እኮ በእግር የሚኬድ ነው! ልደታ ላይ የተነገረ የዳኛ ቃል ልደታ መድረስ ያቃተው በምን ተሳፍሮ ይሆን? ወይስ እሱም ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ፣ «ምን አድርጌ?» ብሎ ሳይሮጥ ተያዘ?

እንዲህ ነው ወለተሰንበት ስንቅ አመላላሽ የሆነችው። ታሳሪ ያለው ቤት ወጉን ያውቀዋል፤ የማያውቅ ይወቀው። ከማረፊያ ቤቱ በር ጎን አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ምሳ ዕቃውን ይዘህ ትጠጋለህ። ፖሊሷ ሦስት ነገር ትልሃለች። «ማንን ነው?» ስትልህ የታሳሪውን ስም ከነአባቱ ትናገራለህ። «ምኑ ነህ?» ስትልህ ወንድሙ፣ አጎቱ፣ ጓደኛው ትላለህ። ከዚያ «ቅመስ» ትላለች፤ ከየዓይነቱ እያነሳህ እፊቷ ትውጣለህ፣ መርዝ አለመኖሩ ይረጋገጥ ዘንድ። ሦስቱን ያላሟላ ሰው ዕቃው አይገባም። እናት ናት፣ ዘጠኝ ወር ተሸክማዋለች የሚባል ነገር የለም፤ ትቀምሳለች! ዳኛ ልቀቁት ላለችው ልጅ ሆድ እንዲህ ሲጠነቀቁ ያየ ሰው ለእግሩም የሚያስቡለት ይመስለዋል።

አሁን የተከበሩ አቶ ዓባይነህን እናምጣቸው፤ የሚቀመጡበት ወንበር ካለ አቅርቡላቸው።

የጌጃ ሰፈር ልጅ ናቸው። ድሮ «ዓባይ» ነበሩ፤ የሠርግ ሱሪያቸውን ወለተሰንበት ያሳጠረችላቸው ዓባይ። የእድር ጸሐፊ ሳሉ ለቅሶ ቤት ንግግር ያደርጉ ነበር፤ ንግግራቸው ከመርዘሙ የተነሳ ሐዘንተኛው ደክሞት ይጽናና ነበር። ይህን ችሎታ ሕዝብ አየና ምክር ቤት ላካቸው። እዚያ ገብተው ሦስት ጉዳይ ያዙ፤ ፍትሕ፣ እስር ቤትና የውጭ ጉዳይ። «ፍትሕ እንደ ቧንቧ ውሃ በየቤቱ ይግባ» አሉ፤ ጌጃ ሰፈር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ረስተውት ይሆናል፣ ወይም አስታውሰውት። ስለ እስር ቤት ሲናገሩ የፍራሹ ውፍረት ይጨምር ዘንድ ጠየቁ። ስለ ውጭ ጉዳይማ ምን ይወራል! ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ቢያስነጥስ ይማርህ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ቃለ ጉባኤው ይመስክር፤ የልደታ ነዋሪ ግን ካስነጠሰ ብቻውን ነው።

በጥር አንድ ጠዋት የምክር ቤቱ ስብሰባ በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ወለተሰንበት የአንድ ጠበቃ ካባ ጠርዝ እየጠቀመች፣ በግድግዳው በኩል የጋሽ ገብረየሱስን ሬዲዮ ትሰማለች። የተከበሩ ዓባይነህ ተነሱ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ! አንዲት እናት አለች። ልጇን ፍርድ ቤት ፈትቶታል! የዳኛ ቃል ግን የእስር ቤቱን በር ማለፍ አቅቶታል! እናቲቱ ዓይኗ በር በር እንዳየ ነው! ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እኔ ይህን ወጣት በዚህ ታላቅ ምክር ቤት ፊት በስሙ እጠራዋለሁ! ስሙም…»

መብራት ጠፋ።

ሰፈሩ ሁሉ በአንድ አፍ «ኤጭ!» አለ። ወለተሰንበት ግን መርፌዋን ይዛ በደስታ ወደ ጓሮ ወጣች። «ጋሽ ገብሬ! ሰማህልኝ? ልጄን ጠራልኝ! ዓባይ ልጄን በፓርላማ ጠራልኝ!» እልል አለች። ጎረቤት ተከትሎ እልል አለ። መብራት የለም፣ ውሃ የለም፣ እልልታ አለ።

መብራቱ ማታ ሲመለስ ጋሽ ገብረየሱስ በዜናው ቀሪውን ሰማ። የተከበሩት የጠሩት ስም ቤካ ሚደቅሳ ይባላል። ባሕር ማዶ፣ በአንድ አገር እስር ቤት፣ ፍርዱን ጨርሶ ያልተለቀቀ ልጅ ነው። እሱም ልጅ ነው፤ እናቱም እናት ናት፤ ስለ እሱ መጮኽ ኃጢአት አይደለም፣ ጽድቅ ነው። ነገር ግን ባሕር ተሻግሮ ያን በር ያየ ዓይን፣ ከገዛ ምርጫ ክልሉ ታክሲ ተራ ጀርባ ያለውን በር ምን ጋረደበት? ባሕር ማዶ ያለውን በር መሳደብ ስለሚቀል ነው። ያኛው በር መልስ አይሰጥም፤ ይኼኛው ግን ስልክ ይደውላል!

ጋሽ ገብረየሱስ ይህን ለወለተሰንበት ሊነግራት ሦስት ጊዜ እደጇ መጣና ሦስት ጊዜ ስለ አየሩ አውርቶ ተመለሰ።

በየካቲት ምክር ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ የተከበሩት መራጮቻቸውን ሊያወያዩ ወረዳው አዳራሽ መጡ። የታሸገ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፤ ካሜራ ቆሟል። ወለተሰንበት ነጠላዋን አስተካክላ እጅ አወጣች። ጋሽ ገብረየሱስ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ «ወለተ ተቀመጪ፣ በኋላ እነግርሻለሁ» እያለ ይጎትታል፤ እሷ ወዲያ ትጎትታለች።

«የተከበሩ፣ እኔ ጥያቄ የለኝም» አለች። «ምስጋና ነው ያለኝ። የልጄን ነገር በታላቁ ምክር ቤት ስላነሱልኝ፣ ስሙን ስለጠሩልኝ፣ ልደታ ማርያም ስምዎን ትጥራልዎ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እንግዲህ አንድ ቅን ሰው በዚህ ጊዜ ምን ይላል? «እናቴ፣ እኔ የተናገርኩት ስለ ሌላ ልጅ ነበር፤ የእርስዎ ልጅ ማን ይባላል?» ይላል። አንድ ትንፋሽ ነው፤ የታሸገውን ውሃ ለመክፈት ከሚፈጀው ያነሰ። የተከበሩት ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። ካሜራው ቀረባቸው፤ ይበልጥ ደፉት።

«ግዴታዬን ነው የተወጣሁት፣ እናቴ። በቅርቡም ቋሚ ኮሚቴያችን ማረፊያ ቤቱን ይጎበኛል። ልጅዎን በዓይኔ በብረቱ አየዋለሁ!»

እንደገና ተጨበጨበ።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ሙጫና የቆዳ ሽታ ከሚወጣባቸው ጫማ ሰፊዎች ጥግ ላይ ጋሽ ገብረየሱስ ቆመና ሁሉንም ነገራት። ወለተሰንበት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰችና፣

«ታዲያ ለምን አላረመኝም?» አለች።

«ጭብጨባው ጣፍጦት ነዋ።»

«እልል አልኩለት እኮ፣ ገብሬ። መርፌ በእጄ ይዤ።»

«አውቃለሁ። ጣትሽንም ወግተሽው ነበር።»

ትንሽ ሄደች። ቆመች። «ማረፊያ ቤቱን ይጎበኛል አይደል ያለው?»

«ብሏል። አንቺ ደግሞ ምን አሰብሽ?»

«ምን አስባለሁ? ሽሮ ነዋ። ጾም አይደል።»

የጉብኝቱ ቀን ሲደርስ ማረፊያ ቤቱ ሙሽራ ሆነ። አጥሩ ኖራ ተቀባ፤ የበሩ ዝገት በቀለም ተሸፈነ፤ ስንቅ አመላላሾች «ዛሬ ከሰዓት ኑ፣ ጠዋት እንግዳ አለ» ተባሉ። ወለተሰንበት ግን ከቀደመው ቀን ጀምራ ሰልፈኛውን አንድ በአንድ የባሕር ማዶውን ልጅ ነገር ነግራ፣ ጠዋት እንዳይቀር አደራ ብላ ነበር፤ ማንም አልቀረም። ከመርካቶ የምትመጣው ቢልቂስ፣ ባሏ ከኤፊ ጋር የተያዘባት፣ ፌስታሏን አንጠልጥላ ከፊት ቆማለች። መኪኖቹ ደረሱ። የተከበሩት ወረዱ፤ ካሜራው ተከተለ። ወለተሰንበት ምሳ ዕቃዋን በሁለት እጇ ይዛ ቀረበች።

«የተከበሩ፣ በአዳራሽ ያመሰገንኩዎ እናት ነኝ። ዛሬ እንኳ ልጄ ከእኔ እጅ አይብላ፣ ከእርስዎ እጅ ይብላ።»

እንዲህ ያለ ምስል በልመና አይገኝም! የተከበሩት ካሜራውን በጎን አዩ፤ ምሳ ዕቃውን ተቀበሉ፤ እንደ ታቦት ከፍ አድርገው ይዘውት ወደ መስኮቷ ተራመዱ። ከመስኮቷ ጀርባ ሴና ናት፤ በቅርቡ የተመደበች ወጣት ፖሊስ፣ የተሰጣትን መመሪያ ለማንም የማትሸራርፍ።

«ማንን ነው?» አለች።

ሳቅ አሉ። «እኔ እኮ የሕዝብ ተወካይ…»

«እሺ ጌታዬ። ማንን ነው? ስም ሳይነገር ዕቃ አይገባም።»

የተከበሩት ዞር አሉ። ወለተሰንበት አዲስ የተቀባውን አጥር ታያለች፤ ኖራው የገረማት ትመስላለች።

«የወይዘሮዋን ልጅ» አሉ።

«እዚህ ያለው ሁሉ የወይዘሮ ልጅ ነው፣ ጌታዬ።»

ሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። የተከበሩት ግንባር ላይ ላብ ታየ። «ያ… በምክር ቤት በስሙ የጠራሁት! በሬዲዮ የተላለፈው!» አሉ፤ ምላሳቸው ከለመደው መንገድ መውጣት አቅቶትም፣ ጮክ ብለው፣ እንደዚያ ቀን አድርገው፣ «ቤካ ሚደቅሳ!» አሉ።

ሴና በጥሞና አሰበች። «እንዲህ የሚባል እኛ ጋ የለም፣ ጌታዬ። ሌላ ቦታ ይጠይቁ።»

ሰልፉ ፈነዳ። «ባሕር ማዶ ነው ያለው፣ ተሻገሩና ስንቁን ያድርሱለት!» አለች ቢልቂስ። ቀጥላም ሳቋን ቆርጣ፣ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ፣ የባሏን ስም ከነአባቱ ጮኸችው። ከኋላዋ ያለችው የወንድሟን ጠራች። ከዚያ የልጅ፣ የአጎት፣ የእጮኛ ስም ባንድ ጊዜ ተነሳ። ወለተሰንበት ከሁሉ መጨረሻ ነበረች። «ኤፍሬም ኃይለሚካኤል!» አለች።

ከአጥሩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ «አቤት እማ!» አለ አንድ ድምፅ።

የካሜራው ልጅ ካሜራውን ወደ መሬት አደረገ። የተከበሩት ምሳ ዕቃውን ሳይቀምሱ መስኮቷ ላይ አስቀምጠው የማረፊያ ቤቱን ኃላፊ ተከትለው በትልቁ በር ገቡ። ትልቁ በር ማንን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ከዚህ በኋላ ያፍራሉ ብላችሁ የጠበቃችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ዓባይነህን አታውቋቸውም። ምክር ቤቱ ሲከፈት ተነሱ። «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ማረፊያ ቤቱን ጎብኝተናል! ቤተሰብ ስንቁን በነፃነት ያቀብላል! ምግቡን ራሴ ቀምሼዋለሁ፤ ጣዕሙም ጥሩ ነው!» አሉ። የዚያን ቀን መብራት አልጠፋም፤ መጥፋት ሲገባው መቼ ይጠፋል! ወለተሰንበት ሁሉንም ሰማች። «ሽሮዬን ሳይቀምስ አደነቀልኝ» ብላ የስፌት መኪናዋን ረገጠች።

በማግስቱ በስንቁ መስኮት ሴና «ማንን ነው?» ስትላት፣ በተለመደው ዝግ ያለ ድምፅ አልመለሰችም። ደረቷን ነፍታ «ኤፍሬም ኃይለሚካኤል!» አለች፤ ታክሲ ተራው ድረስ ተሰማ። «አቤት!» መጣ። ቢልቂስ ቀጠለች። ሰልፉ በሙሉ ቀጠለ። ይህ በየጠዋቱ ሆነ። ወደ ችሎት የሚያልፉ ጠበቆች ካባቸውን ክንዳቸው ላይ እንዳደረጉ መቆም ጀመሩ። ሚኒባሶች ሲያልፉ የኤፊ ጓደኞች «ጀለሴ! አይዞን!» እያሉ ክላክስ ያክሉበት ነበር።

ኃላፊው ወጣ። «ጩኸት ክልክል ነው!»

«ስም ከነአባቱ ካልተነገረ ዕቃ እንዳይገባ ነው የታዘዝኩት፣ ጌታዬ» አለች ሴና። «በሹክሹክታ ይሁን አልተባልኩም።»

ኃላፊው ሴናን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ የቆሙትን ጠበቆች አየ። ከዚያ የሆነውን ተአምር ስሙ። ከኅዳር ጀምሮ ያልደረሰው፣ ሲጣራ፣ ሲጣራ፣ ሲጣራ የከረመው የመፍቻ ትዕዛዝ በዚያው ሳምንት ከገዛ ቢሮው መሳቢያ ተገኘ! የዳኛዋ ቃል ለካ መንገድ ላይ አልቀረም ነበር፤ ደርሶ ተኝቶ ነበር፤ ማረፊያ ቤት ነዋ። እንደ ኤፊ ዳኛ ፈትቷቸው የነበሩት የቢልቂስ ባልና ሌሎችም ትዕዛዛቸው አብሮ ተገኘ። ያልተገኘላቸው ግን አሁንም ውስጥ ናቸው፤ ስማቸው ዛሬ ጠዋትም ተጠርቷል።

ኤፊ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ቤቱ ገባ። ወለተሰንበት ውሃ ጣደች፤ በዚህኛው ውሃ ሰው ታጠበበት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ ጌጃ ሰፈር ጠባብ መንገድ ውስጥ የማይገባ መኪና ሊገባ ሲታገል ታየ። የተከበሩ ዓባይነህ ወርደው በእግራቸው መጡ፤ ካሜራ ከኋላቸው አለ። በምክር ቤቱ የማያቋርጥ ክትትል የተፈታውን ወጣት እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሊሉት ነው። ጎረቤት ወጣ። ጋሽ ገብረየሱስ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ። ኤፊ ውስጥ እየበላ ነው።

ወለተሰንበት በሩ ላይ ቆመች። አንድ እጇን መቃኑ ላይ አደረገች፤ ጠባብ በር ናት፣ በአንድ ክንድ ትዘጋለች።

«እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ! ልግባ?» አሉ የተከበሩት።

«ማንን ነው?» አለች።

ነገሩ ገባቸው፤ ፈገግ አሉ። በዚህ ጊዜ አጥንተው መጥተዋል። ካሜራውን አይተው ድምፃቸውን ሞሉ። «ኤፍሬም ኃይለሚካኤልን!»

ጎረቤቱ አጉረመረመ። ወለተሰንበት በእርጋታ ራሷን ነቀነቀች፤ ስሙ ትክክል ነው።

«ምኑ ነህ፣ ዓባይ?»

የተከበሩት አፋቸውን ከፈቱ። ስለ ፍትሕ፣ ስለ እስር ቤት፣ ስለ አምስት አህጉር የተናገረ አፍ ነው። ተከፍቶ ቆየ። ካሜራው ጠበቀ። ጋሽ ገብረየሱስ ጠበቀ። ሰፈሩ በሙሉ ጠበቀ።

«እማ፣ ማነው የመጣው?» አለ ኤፊ ከውስጥ፣ ጉርሻ በአፉ።

«እየተጣራ ነው ልጄ» አለችና በሩን ዘጋች። «አንተ ብላ።»